የፍላሽ ስም በመሰካት ተራ አይታወቅም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጋዜጣችሁ በቴክኖሎጂ ዓምዱ ሊኑክስን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክሩ አንባቢዎች ያወጣውን ጽሑፍ ከልብ በመነጨ አድናቆት አንብቤዋለሁ። የፈቃድ ክፍያ የማይጠይቅና በአሮጌ ኮምፒውተርም ላይ ሳይንገዳገድ የሚሠራ፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያስኬድ ሥርዓት በትምህርት ቤቶችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንዲለመድ መወትወታችሁ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ በጽሑፉ መካከል ለጀማሪዎች እንደ ቀላል ማስታወሻ ጣል የተደረገ አንድ ምክር አለ፤ ኤስዲኤ የተባለው የኮምፒውተሩ የራሱ ሃርድ ዲስክ እንደሆነ፣ ኤስዲቢ የተባለው ደግሞ የምንሰካው ፍላሽ እንደሆነ ይገልጻል። ይህን እንደ ደንብ ይዞ ወደ ሥራ የሚገባ ሰው የአንድ ፍላሽ ፋይል ብቻ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱን ሙሉ ዲስክ ሊደመስስ ስለሚችል፣ በባሕር ዳር ከተማ በኮምፒውተር ጥገና ሥራ የምተዳደር እንደመሆኔ ነገሩን በዝምታ ማለፍ አልቻልሁም።

አደጋው የሚገባን ስሙ ከየት እንደሚመጣ ስናይ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረው የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚያስተዳድረው የሥርዓቱ እምብርት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያገኘውን እያንዳንዱን ዲስክ «ዴቭ» በሚባለው ፎልደር ሥር እንደ ፋይል አድርጎ ያስቀምጠዋል። በሳታ ገመድ የታሰረ ሃርድ ዲስክም ሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ ፍላሽ በከርነሉ ውስጥ ስካዚ በሚባለው የዲስክ አሠራር በኩል ስለሚያልፉ፣ የሁለቱም ስም በ«ኤስዲ» ይጀምራል፤ ሦስተኛው ፊደል የሚታደለው ግን ከርነሉ ባገኛቸው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የታየው ኤስዲኤ፣ ቀጥሎ የታየው ኤስዲቢ፣ ከዚያም ኤስዲሲ ይባላል፤ አንድ ዲስክ የሚከፋፈልባቸው ክፍሎች፣ ክፋዮች የምንላቸው፣ ደግሞ ከፊደሉ ቀጥሎ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ኤስዲቢ1 ማለት በሁለተኛነት የታየው ዲስክ የመጀመሪያ ክፋይ ማለት ነው። ዲስኩ የማን እንደሆነ፣ ምን እንደያዘ፣ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ይሁን ከውጭ፣ ከስሙ የምናውቀው አንዳችም ነገር የለም።

ሆስፒታል ሄዶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጠዋት በር ላይ የምትታደለው የተራ ቁጥር ዛሬ 3፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ 40 ልትሆን ትችላለች፤ የካርድ ቁጥሩ ግን በሽተኛው በመጣ ቁጥር ያው ነው፣ የሕክምና ታሪኩም የሚወጣው በእርሱ ነው። ኤስዲቢ የተራ ቁጥር ነው። የጽሑፋችሁ ምክር በተራ ቁጥር ካርድ እንዲወጣ ያዘዘ ያህል ነው።

ምክሩ በተግባር የሚፈርሰው ደግሞ አልፎ አልፎ በሚያጋጥም እንግዳ ሁኔታ አይደለም። አሁን ወደ እጃችን የሚገቡ ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች የሚጠቀሙት ኤንቪኤምኢ የተባለውን የማከማቻ ዓይነት ነው፤ ይህ ዓይነት በስካዚ በኩል ስለማያልፍ ሊኑክስ የሚጠራው ኤንቪኤምኢ0ኤን1 ብሎ ነው። እንግዲህ የኤስዲ ተራ ገና ባዶ ነውና በእንዲህ ያለ ላፕቶፕ ላይ መጀመሪያ የሚሰካው ፍላሽ ኤስዲኤ ይሆናል። በዚህ ላፕቶፕ ሊኑክስን የለመደ ተማሪ «ፍላሽ ማለት ኤስዲኤ ነው» ብሎ ያድራል። ይኸው ተማሪ ተመርቆ በአንድ መሥሪያ ቤት ሲቀጠር የሚጠብቀው የቆየ ዴስክቶፕ፣ በሳታ የታሰረ ሃርድ ዲስክ ያለው ነው፤ እዚያ ኤስዲኤ ማለት የመሥሪያ ቤቱ ሰነድ ሁሉ ያለበት ዲስክ ነው። ልጁ የለመደውን ትእዛዝ ቢጽፍ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም። ባለ ብዙ ቀዳዳ የካርድ ማንበቢያ የተገጠመለት ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ማንበቢያው ካርድ ባይገባበትም እንኳ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ፊደል ይዞ ሊቀመጥ ስለሚችል፣ ፍላሹ ኤስዲኤፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በላፕቶፑ ጎን በሚገኘው ቀዳዳ የሚገባ ሚሞሪ ካርድ ደግሞ ከነጭራሹ ከዚህ ተራ ወጥቶ ኤምኤምሲቢኤልኬ0 ይባላል፤ ክፋዩም ኤምኤምሲቢኤልኬ0ፒ1 ነው። ስሙ ራሱ በቁጥር ስለሚያልቅ የክፋዩ ቁጥር ከእርሱ ጋር እንዳይደባለቅ ፒ የምትለዋ ፊደል መሐል ትገባለች።

በአንድ ኮምፒውተር ላይ እንኳ ስሙ አይጸናም። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ እንደተሰካ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ዲስኮች እንደ አዲስ ይፈልጋል፤ ትናንት ኤስዲቢ የነበረው ኤክስተርናል ዛሬ ከውስጡ ዲስክ ቀድሞ ከታየ ኤስዲኤ ይሆናል፣ የውስጡ ደግሞ ወደ ኤስዲቢ ይወርዳል። መብራት ምን ያህል እንደሚመላለስ ለባሕር ዳር ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ሌላም አለ፤ ፍላሹን በወጉ ሳያስወጡ ነቅለው ወዲያው መልሰው ቢሰኩት፣ አንድ ፕሮግራም የቀድሞውን ገና አልለቀቀው ይሆናልና ኤስዲቢ የሚለው ስም እንደተያዘ ይቆያል፤ ያው ፍላሽ በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ ገብቶ ኤስዲሲ ይባላል። ደንበኞቼ «ቅድም የነበረው ስም የት ሄደ?» ብለው የሚደውሉልኝ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ለጽሑፉ አዘጋጅ ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ምክሩ መሠረት አጥቶ የተፈጠረ እንዳልሆነ እረዳለሁ። ዲስኮች አይዲኢ በተባለው የድሮ ገመድ በሚታሰሩበት ዘመን ሊኑክስ ዲስኮቹን ኤችዲኤ፣ ኤችዲቢ እያለ የሚጠራው በገመዱ ላይ ባላቸው ቦታ ነበርና ስማቸው ቋሚ ነበር፤ በሁለተኛው ገመድ ላይ ማስተር (አንደኛ) ሆኖ የታሰረ ሲዲ ማጫወቻ መቼም ቢሆን ኤችዲሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ከርነሉ እነዚያንም ዲስኮች ወደ ኤስዲ ስም ሲያዛውራቸው ያ ቋሚነት አብሮ ቀረ። በዚያ ዘመን የተማርን ሰዎች ልማዱን ይዘን ቀርተናል፣ በድሮ የመማሪያ ወረቀቶችም እስከ ዛሬ ሲባዛ ይታያል። አሁን ግን ዓምዱ ማስተካከያ ቢያወጣበት መልካም ነው።

የሊኑክስ ሠሪዎች ይህን ችግር ካወቁት ቆይተዋል። ግሬግ ክሮህ-ሃርትማን ከሌሎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2003 ያቀረበውና በ2012 ሲስተምዲ ወደተባለው የሊኑክስ ማስነሻ ሥርዓት የተጠቃለለው ኡዴቭ የተባለ ፕሮግራም፣ አንድ ዲስክ በተሰካ ቁጥር ምንነቱን መርምሮ ከተራ ስሙ ጎን ለጎን ሌሎች ስሞችን ያወጣለታል። በ«ዴቭ» ውስጥ «ዲስክ» የሚባለውን ፎልደር የከፈተ ሰው እነዚህን ስሞች በየፈርጃቸው ተደርድረው ያገኛቸዋል። አንዱ ፈርጅ ከመሣሪያው ሥሪት፣ ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር የተቀመረ ነው። ሌላው ፋይል ሲስተሙ፣ ማለትም ፋይሎች በክፋዩ ላይ የሚደራጁበት አሠራር፣ በፎርማት ሲፈጠር በሚሰጠው ዩዩአይዲ በሚባል መለያ የሚጠራ ነው። ሦስተኛው ባለቤቱ ራሱ ባወጣለት ስያሜ፣ በተለምዶ ሌብል በምንለው የሚጠራ ነው። መሣሪያው በየትኛው ቀዳዳ እንደተሰካ የሚናገርም አለ፣ እርሱ ግን ለተነቃይ ዕቃ ብዙም አይረባም። እነዚህ ሁሉ ስሞች ወደ ዕለቱ ተራ ስም የሚያመለክቱ ናቸው፤ ተራው ቢለወጥ ኡዴቭ አመልካቹን አብሮ ያዞረዋል፣ ተጠቃሚው የሚጽፈው ግን ያንኑ ነው። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍቶ ኤልኤስቢኤልኬ የሚለውን ትእዛዝ ኤፍ ከሚለው አማራጭ ጋር የሚጽፍ ሰው ተራ ስሙን፣ የፋይል ሲስተሙን ዓይነት፣ ሌብሉንና ዩዩአይዲውን በአንድ መስመር ላይ ያገኛል። ለጀማሪ መነገር የነበረበት ይህ ትእዛዝ ነበር።

ከሦስቱ ለዕለት ሥራ የሚመቸው ሌብሉ ነው፤ ሰው የሚያነበው እርሱ ብቻ ነውና። በከተማችን የሚዘዋወሩት ፍላሾች ግን አብዛኞቹ ከፋብሪካ የወጡበትን የአምራቹን ስም እንደያዙ ናቸው፣ ወይም ከናካቴው ሌብል የላቸውም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አካባቢ ባሉት የጽሕፈትና የኅትመት ቤቶች የመመረቂያ ጽሑፍ በሚታተምበት ሰሞን ጎራ ያለ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። ባለ ብዙ ቀዳዳ ዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ የሦስት አራት ተማሪ ፍላሽ በአንድ ጊዜ ይሰካል። ሊኑክስ ፍላሹን ሲከፍት «ሚዲያ» በሚባለው ፎልደር ሥር በሌብሉ ስም ፎልደር ያበጅለታል፤ ሌብል ከሌለው በዩዩአይዲው ይጠራዋል፤ ተመሳሳይ ሌብል ያለው ሁለተኛ ፍላሽ ሲመጣ ደግሞ ከስሙ መጨረሻ 1 የሚል ቁጥር ይቀጥልበታል። ስለዚህ ጸሐፊዋ በማያ ገጿ ላይ የምታየው የአንድ አምራች ስም፣ ያው ስም ከ1 ጋር፣ ያው ስም ከ2 ጋር ነው። በእያንዳንዱ ውስጥ «ፋይናል» የሚል ፋይል አለ፣ «ፋይናል የመጨረሻ» የሚልም አይታጣም። የአንዱ ጽሑፍ በሌላው ስም ተጠርዞ ሲወጣ ጥፋቱ በጸሐፊዋ ላይ ይላከካል፤ እርሷ ግን የሚለይ ነገር አልተሰጣትም።

ከዚህ የከፋውን ያየሁት በአንድ የፎቶና ቪዲዮ ቤት ነው። በጥር ወር ሙሽሮች ከሐይቁ ዳር ለፎቶ ሲሰለፉ ቤቱ ሌሊት ሌሊት የቀኑን ሥራ ወደ ኤክስተርናል የሚገለብጥ አጭር ስክሪፕት (በራሱ የሚፈጸም የትእዛዝ ዝርዝር) ነበረው። ስክሪፕቱ የሚያውቀው የፎልደሩን አድራሻ ብቻ ነበር፤ ፎልደሩን ካላገኘው ራሱ እንዲፈጥረው ታዟል። አንድ ሌሊት ኤክስተርናሉ ሳይሰካ አደረ፤ ስክሪፕቱም በታዘዘው መሠረት ፎልደሩን ፈጠረና ቪዲዮዎቹን ሁሉ እዚያው የኮምፒውተሩ የራሱ ዲስክ ላይ ገለበጠ። በማግሥቱ ኤክስተርናሉ ሲሰካ ስሙ ተይዞ ስላገኘው መጨረሻው ላይ 1 ተጨምሮበት በሌላ ፎልደር ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ያለው ቅጂ ሁሉ ኤክስተርናሉን እየዘለለ የውስጡን ዲስክ ሲሞላ ቆየ፤ የታወቀውም ኮምፒውተሩ ቦታ የለኝም ብሎ አልነሣ ሲል ነው። ባለቤቱ ሊኑክስ ቪዲዮውን «በላብኝ» ብሎ ነበር የጠራኝ። አልበላበትም፤ ቪዲዮው እዚያው ነበር፣ የጠፋው መጠባበቂያ ነው የተባለው ቅጂ ነው። መፍትሔው ሁለት መስመር ነው፦ ኤክስተርናሉ በዩዩአይዲው እንዲከፈት ኤፍስታብ በሚባለው የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ መመዝገብ፣ ስክሪፕቱም ከመገልበጡ በፊት ማውንትፖይንት በሚለው ትእዛዝ ዲስኩ በእርግጥ መከፈቱን እንዲጠይቅ ማድረግ። በኤፍስታብ ሲመዘገብ «ኖፌይል» የሚለው ቃል አብሮ መጻፉ አይዘንጋ፤ ያለ እርሱ ኤክስተርናሉ ሳይሰካ ኮምፒውተሩን የሚያስነሣ ሰው 90 ሰከንድ ያህል ከጠበቀ በኋላ የሚገጥመው የተለመደው ገጽ ሳይሆን የአደጋ ጊዜ ተርሚናል ነው።

ዩዩአይዲ ይህን ያህል የሚታመን ከሆነ ሌብል ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ ይኖራል። ኢኤክስቲ4 በተባለው በሊኑክስ በተለመደው ፋይል ሲስተም ላይ ያለው ዩዩአይዲ 32 ፊደልና አሃዝ የተደረደረበት ነው፣ በቃል የሚያጠናው ሰው የለም። ፋት32 በተባለው ፋይል ሲስተም ላይ ያለው ደግሞ 8 ፊደልና አሃዝ ብቻ ሆኖ ብዙውን ጊዜ ፎርማት ከተደረገበት ቀንና ሰዓት የሚቀመር ነው። ደግሞም ዲስክ እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ሲገለበጥ ዩዩአይዲውም ሌብሉም አብረው ይገለበጣሉ። የኮምፒውተር ላብራቶሪ የሚያዘጋጁ ባልደረቦቼ አንዱን ዲስክ ለሁሉም ማባዛት ልማዳቸው ነው፤ ዋናውና ቅጂው በአንድ ኮምፒውተር ላይ ከተገናኙ ሥርዓቱ የትኛውን እንደሚከፍት ዋስትና የለም። ቅጂው ወዲያውኑ አዲስ መለያ እንዲሰጠው ያስፈልጋል፤ ለኢኤክስቲ4 ቱንቱኤፍኤስ የተባለው መሣሪያ ይህንኑ ይሠራል።

በሌብል አወጣጥ ላይ ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች የተለየ ነገር አለ፣ በውጭ አገር መመሪያዎች ውስጥም አይገኝም። ፊደላችን የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በሚመዘግበው ዩኒኮድ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዕትም 3.0፣ ከተካተተ ወዲህ ሊኑክስ ላይ የፋይል ስም በአማርኛ መጻፍ ችግር የለበትም፤ ሌብል ግን የተወሰነች ጠባብ ቦታ ናት። ኢኤክስቲ4 ለሌብል የሚሰጠው 16 ባይት ነው። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ስለሚይዝ ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ 16 ፊደል ማለት ነው፤ የእኛ እያንዳንዱ ፊደል ግን ዩቲኤፍ-8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ የሚበቃን አምስት ፊደል ነው፤ አንድ ባይት ትተርፋለች፣ እርሷም ለክፍት ቦታ ትሆናለች። ይህ የሚዋጠው በምሳሌ ነው። የጣና ገዳማትን የብራና መጻሕፍት ፎቶ እያነሣ ለእያንዳንዱ ገዳም አንድ ኤክስተርናል የሚመድብ ሰው አለ እንበል። ዘጌ፣ ዳጋ፣ ናርጋ እና ክብራን ያለ ምንም ችግር ይገባሉ። «ባሕር ዳር» የሚለውም ከነክፍት ቦታው ልክ 16 ባይት ሆኖ ይገጥማል። «ጣና ቂርቆስ» ግን 19 ባይት ነውና መሣሪያው ረዝሟል ብሎ አስጠንቅቆ ይቆርጠውና «ጣና ቂርቆ» ብሎ ያስቀረዋል። «ደብረማርያም» ይብሳል፤ መቁረጫው የሚያርፈው በ«ያ» ላይ ስለሆነ «ደብረማር» ከሚለው ቀጥሎ የአንድ ፊደል ሲሶ ይቀራል፣ ማያ ገጹም ላይ የሚታየው የተሰበረ ምልክት ነው። እንዲህ ያለውን ስም አስቀድሞ ማሳጠር ይሻላል።

በፍላሾች ላይ የሚበዛው ፋት32 ደግሞ ለሌብል 11 ባይት የሚሰጥ ሆኖ፣ የተሠራው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የፊደል ሰንጠረዦች ላይ ስለሆነ ግዕዝን ጨርሶ አያስተናግድም፤ እዚያ ላይ በትልልቅ የላቲን ፊደላት መጻፍ ግድ ነው። ኤክስፋት የተባለው ፋይል ሲስተም የተሻለ ነው። የሌብሉ ወሰን 11 ቢሆንም የሚቆጠረው በባይት ሳይሆን በዩኒኮድ ፊደል ስለሆነ «ደብረማርያም» ሳይቆረጥ ይገባበታል። ማይክሮሶፍት የኤክስፋትን ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ካደረገ በኋላ በ2020 የወጣው ከርነል 5.7 በሚገባ ይደግፈዋልና፣ ከዊንዶውስ ጋር ለሚዘዋወር ኤክስተርናል እኔ የምመርጠው እርሱን ነው። ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ የሠርግ ቪዲዮ በፋት32 ላይ እንደማይቀመጥ የቪዲዮ ቤቶች ከእኔ በላይ ያውቃሉ። በየትኛውም ዓይነት ላይ ቢሆን ግን ክፍት ቦታ ያለበትን ሌብል ባናወጣ ይመረጣል፤ በኤፍስታብም ሆነ በኡዴቭ ስሞች ውስጥ ክፍት ቦታው በሌላ ምልክት ተተክቶ ስለሚጻፍ ትእዛዝ የሚጽፈውን ሰው ያሳስታል። ሌብሉን ለመስጠት ተርሚናል የማይወድ ሰው በኡቡንቱ ውስጥ «ዲስክስ» በሚለው ፕሮግራም ክፋዩን መርጦ ስሙን መጻፍ ይችላል፤ ተርሚናል የሚወድ ለኢኤክስቲ4 ኢቱሌብል፣ ለፋት ደግሞ ፋትሌብል የሚሉ ትእዛዞች አሉለት። ውስጡ ያለው ፋይል በዚህ አይነካም፤ ብቻ ፍላሹ በዚያን ሰዓት ክፍት አይሁን።

ዲስክ በጅምላ የሚጽፈውን ዲዲ የተባለውን ትእዛዝ ለብቻው ማንሣት ይገባኛል። የሊኑክስ መጫኛ ፍላሽ ለማዘጋጀት ጽሑፋችሁም የጠቀሰው እርሱን ነው። ዲዲ አይጠይቅም፤ «እርግጠኛ ነህ?» የሚል ቃል ከእርሱ አይወጣም፤ የተጻፈለት ስም የማንም ይሁን የማን ከመጀመሪያው ባይት ጀምሮ ይደርብበታል። ለዚህ ሥራ ሌብልም አይበቃም፤ ሌብሉ ያለው በክፋዩ ላይ ሲሆን ዲዲ የሚፈልገው የሙሉውን ዲስክ ስም ነው። እዚህ የሚያዋጣው ከሥሪቱና ከሲሪያል ቁጥሩ የተቀመረው ስም ነው፤ የፍላሽ ከሆነ «ዩኤስቢ» በሚል ይጀምራል፣ ከውስጥ ያለው የሳታ ዲስክ «ኤቲኤ» በሚል፣ የኤንቪኤምኢውም በራሱ ስም። «ዩኤስቢ» ብሎ በሚጀምር ስም ላይ ያዘዘ ሰው ቢሳሳት እንኳ የሚያጠፋው ሌላ ተነቃይ ዕቃ ነው እንጂ የኮምፒውተሩን የራሱን ዲስክ አይደለም። በጣም ርካሽ በሆኑ አንዳንድ ፍላሾች ላይ ሲሪያል ቁጥሩ ባዶ ወይም ከሌላው ጋር አንድ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል፣ በዚያን ሰዓት ሌሎቹን ነቅሎ አንዱን ብቻ መተው ነው።

የመሥሪያ ቤቶችን ነገር ሳላነሣ ማቆም አልችልም፤ ትልቁ ጉዳት ያለው እዚያ ነውና። በመሥሪያ ቤት ኤክስተርናል ሲገዛ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ለሠራተኛው ወጪ ይደረጋል፤ በሁለቱም ላይ የሚሰፍረው ግን ብዙውን ጊዜ «ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ 1 ፍሬ» ብቻ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ንብረት ክፍል ቆጠራ ሲያካሂድ አምስት ጥቁር ሳጥኖች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ፣ አምስቱም ሲሰኩ የአንድ አምራች ስም ያሳያሉ፣ የትኛው የፋይናንስ የትኛው የሰው ኃይል እንደሆነ የሚናገር የለም። የምጠይቀው ዕቃው ገቢ በሚሆንበት ዕለት የኮምፒውተር ባለሙያው ተጠርቶ ሲሪያል ቁጥሩ በሞዴሉ ላይ እንዲጻፍ፣ የክፍሉን ምህጻርና ተከታታይ ቁጥር የያዘ፣ ከ11 የላቲን ፊደል ያልበለጠ ሌብል እንዲሰጠው፣ ያው ሌብል ደግሞ በማይለቅ ወረቀት በሳጥኑ ጀርባ ላይ እንዲለጠፍ ነው። ሌብሉን በላቲን ያልሁት አማርኛውን ጠልቼ አይደለም፤ ዕቃው ነገ በፋት32 ፎርማት ቢደረግም ያው ስም እንዲመለስለት ነው። አማርኛው በወረቀቱ ላይ በሙሉ ስሙ ይጻፍ፣ እዚያ የባይት ወሰን የለም። ሠራተኛው ሲዛወር ዕቃውን የሚረከበው ሰው በሞዴሉ ላይ ያለውን ሲሪያል ቁጥር ኤልኤስቢኤልኬ ሲሪያሉን እንዲያወጣ ታዞ ከሚያሳየው ጋር አስተያይቶ ይፈርም፤ ፎርማት ተደርጎ ከሆነም አሮጌው ሌብል ያኔውኑ ይመለስለት።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር